ሰባ ሰባት ስንት ነው?

ቦሌ የወረደ የውጭ ሀገር ሰው ሁሉ የሚቀርጸው አንድ ቪዲዮ አለ። ስልኩን ወደ ፊቱ ያዞርና «ኢትዮጵያ ስገባ ሰባት ዓመት ታናሽ ሆንኩ» ይላል። እኛም ከሥር ገብተን እንስቃለን፣ ቀይ ልብ እንደረድራለን፣ «እንኳን ወደ ወጣትነትህ መለሰህ» እንለዋለን። አስጎብኚው ይህንኑ ቀልድ ይነግረዋል፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ ይደግምለታል፣ ዲያስፖራው ልደቱ ሲደርስ ኬኩ ላይ ያስጽፈዋል።

እኔ ይሄ ቀልድ ሰልችቶኛል። መሰልቸት ብቻም አይደለም፣ ያናድደኛል። መጀመሪያ ነገር ሂሳቡ ራሱ ስህተት ነው። ልዩነቱ ሰባት የሚሆነው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ዓመት ከቀየሩበት ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ፣ ማለትም ከስምንት ወር በላይ፣ ልዩነቱ ስምንት ነው። የራሳችንን ቀልድ እንኳ በትክክል አንቆጥረውም። ዋናው ንዴቴ ግን ሌላ ነው። ለእኛ ለወሎ ልጆች የዓመት ቁጥር የኬክ ጌጥ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከቦሌ ተነስቼ ወልድያና መርሳ መድረስ አለብኝ።

*

ሁለት ሴት አያቶች አሉኝ። የእናቴ እናት መርሳ ናቸው፣ ሙስሊም። የአባቴ እናት ወልድያ ናቸው፣ ክርስቲያን። ይሄ ሌላ ቦታ ታሪክ ይሆን ይሆናል፣ ወሎ ውስጥ ግን ማንም ቀና ብሎ አያይህም። ከአንዷ ቤት እስከ ሌላኛዋ ቤት፣ በሲሪንቃ በኩል፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን በዓል እዚህ፣ ሌላውን በዓል እዚያ እየበላን ነው ያደግነው።

የመርሳዋ አያቴ ጊዜን የሚያውቁት በጨረቃ ነው። «ረጀብ ሲገባ»፣ «ከመውሊድ ወዲህ»፣ «ያምና ረመዳን» ይላሉ። መውሊድ ሲደርስ ስለ ዳና ያወራሉ፤ የጁ ውስጥ ስላለችው፣ ከድሮ ጀምሮ ደረሳ ቂርአት ሊቀራ ስለሚሄድባት ዳና። የእሳቸው ዓመት ከሌላው ዓመት አሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያንስ መውሊድ አንዳንዴ በክረምት፣ አንዳንዴ በበጋ ይመጣል። እሳቸው ግን ግር ብሏቸው አያውቅም። ለዘር፣ ለአጨዳና ለገበያ ደግሞ ሰኔና ኅዳርን እንደማንኛውም የሀብሩ ሰው ይጠቀማሉ። ሁለት አቆጣጠር በአንድ ራስ ውስጥ፣ ያለ ምንም ጭቅጭቅ።

የወልድያዋ አያቴ በወንጌላውያን ነው የሚቆጥሩት። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። «ያገባሁት በዘመነ ሉቃስ ነው» ይላሉ። «እማማ፣ ዘመነ ሉቃስ እኮ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፣ የትኛው ሉቃስ?» ስላቸው «ታዲያ አንተ ተምረህ የለ፣ ቁጠረው» ይሉኛል።

የተወለዱበትን ዓመት ሁለቱም አያውቁም። ሁለቱም በቁጥር የሚያውቁት አንድ ዓመት ግን አለ። ሰባ ሰባት። ያንን ሲሉ የሁለቱም ድምፅ ዝቅ ይላል። የመርሳዋ አያቴ ሁለት ልጆች ቀብረውበታል። የወልድያዋ አንድ ልጅና ባላቸውን። ጨረቃን የምትቆጥረውም፣ ወንጌላውያንን የምትቆጥረውም፣ እዚች ቁጥር ላይ ሲደርሱ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

እንግዲህ «ሰባት ዓመት ታናሽ ሆንኩ» ለሚለው ሰው መልሴ ይሄ ነው፦ ያንተ ሰባት ዓመት በእኛ ቤት ሰው የሚያስቆጥር ነው።

*

ሰባ ሰባት፣ ማለትም 1977 ዓ.ም.፣ እንዴት እንደጀመረ እናስታውስ። መስከረም 2 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን በትልቅ ድግስና ሰልፍ አከበረ። አርባ አንድ ቀን ቆይቶ፣ ጥቅምት 13፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም ያመጣው ዘገባ ዓለምን አነቃ። ኅዳር ላይ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ለረሃቡ ዕርዳታ ዘፈን አወጡ። ሐምሌ 6 ለንደንና ፊላደልፍያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ።

አሁን እነዚህን አራት ቀኖች በእነሱ አቆጣጠር አስቀምጧቸው። ሦስቱ 1984 እ.ኤ.አ.፣ አራተኛው 1985 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ለዚህ ነው የውጭ መጻሕፍት ሁሌ «የ1984 እና 85 ረሃብ» የሚሉት፤ ከመሐል ተሰንጥቆ። በእኛ ግን አራቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ናቸው። ረሃቡ ከዚያ በፊት ጀምሯል፣ በኋላም ቆይቷል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ግን የገበሬ ዓመት የሚያልቀው በክረምት ነው። ዝናቡ መጣ ወይ ቀረ፣ እህሉ ያዘ ወይ ጠፋ፣ መስከረም ላይ ይታወቃል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ የአንድ ምርት፣ ወይም የአንድ ባዶ ጎተራ፣ ዕድሜ ነው። ለለንደን ሰው ጃንዋሪ አንድ አዲስ ዓመት ሊሆን ይችላል። ለሀብሩ ገበሬ ግን ጥር ላይ ምንም አዲስ ነገር የለም፤ ያው መስከረም የጀመረው ረሃብ ነው።

አሁን ደግሞ ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ሁለት ፊደላት እዩ። ዓ.ም.። ዓመተ ምሕረት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው 5500 ዓመት «ዓመተ ፍዳ» ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመተ ምሕረት። ስለዚህ ሰባ ሰባትን ሙሉ ስሟን ስንጠራት «የምሕረት ዓመት 1977» ነው የምንለው። በዚያ ዓመት ምሕረት የትኛው በር ላይ እንደቆመች አያቶቼን መጠየቅ ነው። በሌላ በኩል ሀገሪቱ ራሷን ለቱሪስት ስታስተዋውቅ የኖረችው «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መፈክር ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ ጸጋ እንኳ አይልም፣ ፀሐይ ነው የሚለው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ! እስቲ ይህንን ሀብሩ ወርደህ፣ ማሽላው ዘለላ ሳይዝ ለቀረበት ገበሬ ንገረው። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ማለት ለእሱ ማስታወቂያ ሳይሆን ዛቻ ነው።

*

«እሺ፣ ገባን፣ አቆጣጠራችን ክቡር ነው። ትክክለኛው የክርስቶስ ልደት እኮ የእኛ ነው፣ ፈረንጆቹ ናቸው የተሳሳቱት» የሚል ሰው ደግሞ አሁን ከጎኔ ቆሞ እያጨበጨበ እንደሆነ ይታወቀኛል። ወንድሜ፣ ቁጭ በል። ካንተም ጋር ጠብ አለኝ።

የአውሮፓው ቁጥር የመጣው ዲዮናስዮስ ከሚባል ሮም ከነበረ መነኩሴ ነው። በ525 እ.ኤ.አ. የትንሣኤን ቀን የሚያወጣ ሰንጠረዥ ሲሠራ ልደትን የዓመት መነሻ አደረገው። የእኛ ስሌት ከእስክንድርያ የመጣ ነው፤ በዚያ ከተማ አንያኖስ የሚባል ሌላ መነኩሴ ከዲዮናስዮስ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የሠራው ሂሳብ ልደትን ወደዚህ ያቀርበዋል። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ምንጩ ይሄው ነው፤ የሁለት መነኮሳት የሂሳብ ልዩነት። ከሁለቱ ማን ልክ ነው? አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት ሄሮድስ የሞተው ከዲዮናስዮስ አንደኛ ዓመት አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ክርስቶስ ደግሞ የተወለደው ሄሮድስ በሕይወት ሳለ ነው። ስለዚህ ዲዮናስዮስ ቢያንስ በአራት ዓመት ስቷል። የእኛው ደግሞ ከዚያም በላይ ርቋል። «ትክክለኛው የኛ ነው» የሚለው ፉከራ በሂሳብ አያዋጣም፤ ተወው።

«በዓለም ላይ የራሷ አቆጣጠር ያላት ብቸኛ ሀገር» የሚለውም እንዲሁ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ዓለምን እንዙር። ኔፓል መንግሥታዊ ወረቀቷ ላይ 2082 ትጽፍ ነበር። ታይላንድ ከቡድሃ ሞት ቆጥራ 2568። አይሁድ ከዓለም ፍጥረት ቆጥረው 5785። የእኛው ባሕረ ሐሳብም ከዓለም ፍጥረት ይቆጥራል፣ ግን 7518 ላይ ነው የደረሰው፤ ያው አዳም፣ ያው ኦሪት፣ ሌላ ድምር። ኢራን 1404 ላይ ነበረች፣ መካ ደግሞ 1447። የኢራንም የመካም መነሻ አንድ ነው፣ ነቢዩ ከመካ ወደ መዲና የተሰደዱበት 622 እ.ኤ.አ.። ኢራን በፀሐይ ስለምትቆጥር፣ መካ በጨረቃ ስለሚቆጥር፣ ከአንድ ጉዞ ተነስተው አርባ ሦስት ዓመት ተራርቀዋል። ይህንን የጨረቃ አቆጣጠር ከስደቱ እንዲነሳ ያስወሰኑት ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ናቸው፣ ስደቱ ካለፈ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ በኋላ።

የግብፅ ክርስቲያኖች ደግሞ ከሁሉም ይገርማሉ። ወሮቻቸው እንደኛ አሥራ ሦስት ናቸው፣ አዲስ ዓመታቸውም የእኛው መስከረም 1 ነው። ቁጥራቸው ግን 1742 ነበር። በአንድ ቀን አብረን አበባ እናያለን፣ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ግን አንስማማም።

የራሳችንም ቢሆን እንደዛሬው በአራት አሃዝ ከጥንት ጀምሮ የተጻፈ አይደለም። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የከፈተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊዎቹ በብዛት «በነገሠ በዚህን ያህል ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ» እያሉ ነው የሚሄዱት። ልክ እንደ ወልድያዋ አያቴ። የ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ረሃብ፣ ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ ሕዝብ ዘንድ በቁጥር አይታወቅም፤ «ክፉ ቀን» ነው ስሙ። ስድሳ ስድስት፣ ሰባ ሰባት፣ ዘጠና ሰባት እያልን በቁጥር መጥራት የጀመርነው ራዲዮ፣ ቀበሌና ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ነው።

ታዲያ ትክክለኛ ካልሆነ፣ ብቸኛ ካልሆነ፣ ጥንታዊነቱም እንደምናወራው ካልሆነ፣ ለምን እንጠብቀዋለን?

*

ለዚህ መልስ ወደዚያው ወደ መነኩሴው ዲዮናስዮስ ልመለስ። እሱ ከመምጣቱ በፊት የትንሣኤ ሰንጠረዦች የሚቆጠሩት ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ያስፈጀ ንጉሥ ነው። ዲዮናስዮስ የዚህን ገዳይ ስም በዓመት ቁጥር ላይ ማቆየት አልፈልግም አለና ስሙን ፍቆ በልደት ተካው። የግብፅ ክርስቲያኖች ሌላ መንገድ ያዙ። ቁጥሩን አልነኩም፣ መነሻውንም አልነኩም፤ ስሙን ግን ከገዳዩ ወስደው ለተገደሉት ሰጡት። ዘመነ ሰማዕታት አሉት። 1742 የሚባለው እሱ ነው። እኛም በባሕረ ሐሳብ ትምህርታችን እናውቀዋለን።

እኔ ከሁለቱ የግብፆቹ ይበልጥብኛል። ዲዮናስዮስ የገዳዩን ስም ሲያጠፋ የሟቾቹም አብሮ ጠፋ፤ ዛሬ 2025 ብሎ የሚጽፍ ሰው ማን እንደሞተ አያስብም። ግብፆቹ ግን በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን አንድ ሲደምሩ የሚደምሩት በሟቾቹ ላይ ነው።

የዓመት ቁጥር የሥልጣን ጉዳይም ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ግቢ የገባ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፣ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ፋሺስቶቹ የሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምሮ የተቆጠረ አንድ ዓመት ነው። የራሳቸው የዘመን ቁጥር ነበራቸው፣ በሮማ አሃዝ የሚጻፍ፣ በደብዳቤና በድንጋይ ላይ የሚታተም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ያንን ቁጥር ይዘው ነው የገቡት። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። ደረጃው አልፈረሰም። አናቱ ላይ አንበሳው ተቀመጠና ቁጥሩ እዚያው ቆመ።

የኢራኑ ሻህም ሞክሮታል። በ1976 እ.ኤ.አ. በአንድ አዋጅ የሀገሩን ዓመት ከ1355 አንስቶ 2535 አደረገው፤ ከነቢዩ ስደት ሳይሆን ከጥንቱ የፋርስ ንጉሥ ከቂሮስ ይቆጠር ብሎ። ሕዝቡ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ዓመት አርጅቷል። ሁለት ዓመት ከምናምን እንደቆየ ራሱ መልሶ ሻረው። ብዙም አልቆየ፣ እሱም ተባረረ።

ስለዚህ «ለምን ወደ ዓለም አቀፉ አንቀይርም? ባንኩ፣ አየር መንገዱ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ በእሱ ነው» ለሚሉት ወዳጆቼ የምለው አለኝ። ችግሩ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ኔፓልም ኢራንም ታይላንድም ባንክና አውሮፕላን አላቸው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዳሉ። ቁጥር መቀየር ደግሞ ሶፍትዌር እንደማደስ አይደለም። ነገ ጠዋት «ሰባ ሰባት ቀርቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰማንያ አራት በሉት» ብትላቸው አያቶቼ የሚሰሙህ ይመስልሃል? የልጆቻቸው መቃብር ላይ ያለውን ቁጥር ነው እኮ የምትነካው።

አንድ ጥያቄ ግን ሳላነሳ ባልፍ ራሴን መሸወድ ነው። ይህ ዓመተ ምሕረት የምንለው የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነው። የመርሳዋን አያቴን ማንም አስፈቅዶ የጫነባቸው አይደለም። መንግሥት በጻፈው ወረቀት ሁሉ ላይ የእሳቸው 1405 ዓመተ ሂጅራ ቦታ አግኝቶ አያውቅም። ይሄ እውነት ነው፣ የሚያሳፍርም ነው። ሆኖም እሳቸው ሰባ ሰባትን የራሳቸው ያደረጓት በጥምቀት አይደለም፣ በቀብር ነው። አሁን ያቺ ቁጥር የካህኑም የሼሁም ናት። ወልድያ ገበያ የሚሸጠው የግድግዳ ካላንደር የሐበሻውን ከፈረንጁ ጎን ካተመ፣ ረጀብንና ሸዕባንንም ባንዲት ጠባብ መስመር ማስገባት ማንንም አያደኸይም።

*

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ማለትም ወደ እኔና ወደ አንቺ፣ በየቀኑ በስልክ ስንጽፍ ወደምንውለው። አቆጣጠሩን እየገደልነው ያለነው ቱሪስቱ አይደለም። እኛ ነን፣ ቁጥሩን ራቁቱን እየጻፍን።

«በ2013 ወልድያ» ብለሽ ስትጽፊ የትኛው 2013? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወልድያ ገቡ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆዩ። አዲሱ ዓመት የጠባው በዚያ መሐል ነው፤ መስከረም 1 ወልድያ ውስጥ ምን ዓይነት መስከረም እንደነበረች የነበረ ያውቃል። ዓለም ይህንን ሁሉ 2021 በሚለው ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንዲት የወልድያ ልጅ «ወልድያ 2013» ብላ በእንግሊዝኛ ብትፈልግ የሚመጣላት ሌላ ዓመት ነው፤ ሰላም የነበረበት፣ ምንም ያልሆነበት ዓመት። «እናቴ አጋነነችው እንዴ?» ብትል አይፈረድባትም።

ማጋነን ከመሰላችሁ አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ተጋላጭነት በእንግሊዝኛ የጻፉት ትልቅ ሥራ አለ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ። ርዕሱ ላይ «ከ1958 እስከ 1977» የሚሉ ዓመታት አሉ። አማርኛ አንባቢ ይህንን ሲያይ ልቡ የት ይሄዳል? 1958 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ በወረኢሉ በኩል፣ ረሃብ ነበረ። 1977 ዓ.ም. ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቁጥሮቹ ቁልጭ ብለው የእኛን ሁለት ረሃቦች ይመስላሉ። ግን አይደሉም፤ ሁለቱም የፈረንጅ ዓመት ናቸው። የፈረንጁ 1958 ትግራይ የተራበችበት ነው። መጽሐፉ ደግሞ እኛ ሰባ ሰባት የምንለው እልቂት ከመድረሱ በፊት ይቆማል። እኔ ራሴ መጽሐፉን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘሁት ጊዜ ስለ ሰባ ሰባት ላነብ ነበር የከፈትኩት።

በትንሹም ነገር ቢሆን ያስከፍላል። የተወለድኩት በ1990 ዓ.ም. ነው። አንድ የውጭ ትምህርት ዕድል ሳመለክት አንዱ ወረቀቴ ላይ 1990 ብቻ ተጽፎ፣ ምንም ምልክት ሳይኖረው ሄደ። እዚያ ያለው ሰው ምን በወጣው? እንዳየው አነበበው። ስምንት ዓመት አርጅቼ ከዕድሜ ገደቡ ወጣሁ። «ሰባት ዓመት ታናሽ» የሚለውን ቀልድ በተገላቢጦሽ የቀመስኩት ያኔ ነው።

*

ስለ ቁጥርና ስለ ሟች ካወራን አይቀር አንድ የራሳችንን ጉድ ላንሳ። ስድሳ ስድስት ድርቅ እንላለን። የወሎን ረሃብ። ታዲያ ወሎ በብዛት ያለቀው መቼ ነው? ከስድሳ ስድስት በፊት። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያዩትን በፎቶ ይዘው አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ መንግሥት ግን ነገሩ እንዲወራ አልፈለገም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ለንደን ላይ ያሳየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ስለዚህ ረሃቡን የሰየምነው ሰው በሞተበት ዓመት ሳይሆን አዲስ አበባና ለንደን በሰሙበት ዓመት ነው። በስድሳ አምስት የሞተው የወሎ ገበሬ በስሙ ዓመት እንኳ የለውም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። በወሎ ሬሳ ሥልጣን ያዘ ማለት ነው። ከዚያ ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ ያንኑ መስከረም 2ን ሲያከብር፣ ወሎ እንደገና እያለቀች ነበር። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ለማየት በእኛው አቆጣጠር ማንበብ ያስፈልጋል፤ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12 የሚባል ዝም ያለ ቀን ነው።

እንግዲህ እኔ አቆጣጠራችን ይጠበቅ የምለው ለዚህ ነው። ሙታኖቻችን በዚያ ቁጥር ስለተመዘገቡ። አንዳንዴም፣ እንደ ስድሳ አምስቱ፣ ተሳስተው ስለተመዘገቡና ማረም ስላለብን። ቁጥሩን የጣለ ሰው ስህተቱን የሚያርምበት መዝገብ የለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ዓመት በጻፋችሁ ቁጥር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጻፉበት፣ ሂጅራም ከሆነ ሂጅራ በሉ። ሁለት ፊደል ነው፣ ካርድ አይበላም። ስለ ከተማችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ሁለቱንም ቁጥር አስቀምጡ። ቤት ያሉትን አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ «በዘመነ ሉቃስ» ካሏችሁ የትኛው ሉቃስ እንደሆነ አብራችሁ ቁጠሩ፣ «ከረጀብ በኋላ» ካሏችሁ የትኛው ረጀብ። ቀልዱንም ተውት ባክችሁ።

ባለፈው የመርሳዋን አያቴን ለመታወቂያ ጉዳይ አንድ ቢሮ ወሰድኳቸው። የተወለዱበትን ዓመት ስላላወቁት ጎረቤቶች ተሰብስበው አሰሉት። «በስድሳ ስድስቱ ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ነበር»፣ «አይ፣ ገና አጥብታ አልጨረሰችም»፣ እየተባለ 1946 ላይ ተስማማን። ልጁ አራቱን አሃዝ በኮምፒውተር ሞላ። «ዓ.ም. መሆኑን አስገባበት እንጂ» አልኩት።

«ቦታ የለውም» አለኝ። «ሲስተሙ አራት ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።»

አያቴ መሐላችን ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ምን ጎደለ?» አሉ። ከዚያ ስክሪን ላይ ያለችውን ቁጥር አንብቤላቸው ወጣን። ምን እንደጎደለ ግን እስካሁን በትክክል አልመለስኩላቸውም።